አራት መስመር ኢንሱሊን

ውሃ የሚላስ ድምፅ ስሰማ ዛሬም የያዝኩትን ሥራ እተዋለሁ። ቦንጋ በተከራየሁበት ቤት ያንን ድምፅ ለሳምንታት ሰምቼዋለሁ፤ የሚከፋው ግን ድመቷ ከሞተች በኋላም መስማቴ ነው። ሌላ ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያወራ የምስቅ ነበርኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ያልታየና ያልተለካ ነገር አይዋጥልኝም።

መንግሥት ከተቀየረ ጥቂት ዓመታት ቢሆነው ነው፣ ከደብረ ብርሃን ወደ ቦንጋ የተመደብኩት። አከራዬ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የቀሩባቸው አሮጊት ነበሩ፤ አያታቸው ከሰሜን በሹመት መጥተው እዚያው ወልደው ከብደው ቀርተዋል። እትዬ እላቸዋለሁ። የስኳር በሽተኛ ስለነበሩ ጠዋትና ማታ ራሳቸውን በኢንሱሊን ይወጋሉ። ፍሪጅ ስለሌላቸው ብልቃጡን እርጥብ አሸዋ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ይቀብሩታል። ከእሳቸው ጋር የምትኖረው አንዲት ወፍራም ግራጫ ድመት ብቻ ነበረች። ባላቸው በሞቱ ሰሞን ከየት እንደመጣች ሳይታወቅ ገብታ፣ ባዶ በቀረው የአልጋው ጎን ተኝታ ቀረች። «እሷ ባትኖር ከግድግዳ ጋር ነበር የማወራው» ይሉ ነበር።

ሁዳዴ ሊገባ ሲል ድመቷ ውሃ አልጠግብ አለች። ትበላለች፣ ግን ትከሳለች። አንድ ጠዋት እትዬ ጓሮ ጠሩኝና የሸናችበትን መሬት አሳዩኝ። ጉንዳን ወሮታል። «የኔው በሽታ ነው። እኔንም እንዲሁ ነበር የጀመረኝ» አሉና ዓይናቸው እንባ ሞላ።

የእንስሳት ጤና ቴክኒሻኑ የአገሩ ተወላጅ፣ ረጋ ያለ ወጣት ነበር። ከብት እንጂ ድመት ታማ መጥታበት አታውቅም፤ ቢሆንም አልሳቀብንም። «መምህር፣ የሰው ኢንሱሊንም ይሠራላታል» አለኝ። «በስሪንጁ አንድ መስመር ጀምር፤ ስኳሯን እያየህ ቀስ ብለህ ጨምር። ምግቧን ግን እንዳትለውጥ። ከለወጥክ መጠኑም ይለወጣል፤ መጀመሪያ ለእኔ ንገረኝ።»

ስኳሯን የማየው በትምህርት ቤታችን ላቦራቶሪ ነበር። በምትሸናበት ሣጥን ላይ ፕላስቲክ አነጥፋለሁ፤ የተጠራቀመውን ይዤ ሄጄ በሰማያዊው መመርመሪያ ፈሳሽ አሞቀዋለሁ። ሰማያዊ ሆኖ ከቀረ ስኳር የለም፤ አረንጓዴ ከሆነ ጥቂት ነው፤ እንደ ጡብ ከቀላ ሞልቷል። ባልደረቦቼ «ደግሞ የድመት ሽንት ይዞ መጣ!» እያሉ መቀለጃ አደረጉኝ። እኔ ግን ልቤ አብጦ ነበር። ሰሌዳ ላይ የምጽፈው ነገር አንዲት ነፍስ ሊያተርፍ ነው።

ችግሩ ጾሙ ነበር። እትዬ በሁዳዴ ሥጋና ወተት ቤታቸው አያስገቡም፤ ለድመትም ቢሆን። ስለዚህ ድመቷ አብራን ጾመች። የምትበላው በሽሮ የራሰ እንጀራ፣ ቆጮና ዳቦ ነው። የሰው ቤት ስለሆነ አልተከራከርኩም። ፈሳሹ በየቀኑ ሲቀላ መጠኑን ጨመርኩ፤ ሁለት መስመር፣ ሦስት፣ በመጨረሻም አራት። በአራት ላይ ቀለሙ ወደ አረንጓዴ ተመለሰ። ድመቷም ውሃውን ተወት አደረገች፣ ገላዋም መለስ አለ። እትዬ ጉልበቴን ሊስሙ ምንም አልቀራቸውም።

በሕማማት ሳምንት ቴክኒሻኑ ለከብት ክትባት ዋጫ ወደምትባል ከተማ ሄደ። የፋሲካ ጠዋት በግ ታረደ። የበግ ሳንባ መቼም የድመት ድርሻ ነው፤ እትዬ ሳንባውን ከትፈው፣ የዶሮውን አንጀት ጨምረው «እንኳን አደረሰሽ!» እያሉ አቀረቡላት። አበላሏን እያየን ሳቅን። እንጀራውን አሽትታ ተወችው። እኔም እንደ ወትሮው አራቱን መስመር ወጋኋት። ሥጋ እንደ እንጀራና ቆጮ ስኳር እንደማይሆን ተማሪ ቢጠይቀኝ በቃሌ እመልስ ነበር። ያን ቀን ግን ምግቧ ተለወጠ ብዬ አላሰብኩም። በዓል ነው ብዬ ነው ያሰብኩት።

እትዬ ዘመድ ጥየቃ ወጡ። ስድስት ሰዓት ላይ ድመቷ ስትነሳ የኋላ እግሮቿ ከዷት። ከግድግዳ ጋር ተላተመች፣ ለሃጯ ተዝረበረበ፣ ዓይኗ ፈጦ እኔ ላይ ቀረ። «አይ ሆዳም! በዓሉ ስኳርሽን ሰቀለው» አልኳት። ጮክ ብዬ ነው ያልኳት። ላቦራቶሪው ለበዓል ተቆልፏል፤ መለካት አልቻልኩም። ሳልለካ አሸዋውን ጭሬ ብልቃጡን አወጣሁና ሌላ አራት መስመር ወጋኋት።

የገባኝ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው። ስኳር ሲያንስ እግር ይከዳል፣ ሰውነት ይንቀጠቀጣል፤ እኔው ነኝ ያስተማርኩት። መደርደሪያው ላይ እትዬ ለእንግዳ የሚያስቀምጡት፣ ራሳቸው የማይነኩት የጫካ ማር ነበር። ዘልዬ አወረድኩት። በጣቴ ድዷን ልቀባ ብል መንጋጋዋ ገጥሞ አልከፈት አለኝ። ማሩ ጢሟ ላይ ቀረ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጭኔ ላይ ሞተች።

እትዬ ሲመለሱ ጢሟን ጠርጌ በጨርቅ ጠቅልያት ነበር። «ድንገት ወደቀች» አልኳቸው። «ይሁን፤ ፋሲካን ጠግባ ሄደች» አሉ። እኔን ማጽናናታቸው ነበር። ጓሮ እንሰቱ ሥር ቀበርናት።

ከዚያ ወዲያ ነው ድምፁ የጀመረኝ። ጠዋት ደብተር ሳርም ከጓዳ ውሃ ሲላስ እሰማለሁ። ሄጄ አያለሁ፤ የድመቷ የውሃ ጣሳ ደርቋል። ጣሳውን እንዲያነሱት ለእትዬ ልነግራቸው እፈልግና «ለምን?» እንዳይሉኝ እፈራለሁ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ክረምቱ ሲገባ ለግምገማ ተጠራን። በዚያን ጊዜ መምህር ተነስቶ ግለ ሂስ ማድረግ ግዴታው ነበር። ተነሳሁና የሥራ ሰዓት እንደምሸራርፍ፣ ዕቅድ አዘግይቼ እንደማስገባ፣ ባልደረቦቼን እንደምንቅ ዘረገፍኩት። ሰብሳቢው ሐቀኝነቴን አደነቀ። ሲያጨበጭቡልኝ እኔ ውሃው ሲላስ እሰማ ነበር።

በዓመቱ የእትዬ ዓይን ደከመ፤ የስሪንጁን መስመር ማየት አቃታቸው። «እንግዲህ አንተ ውጋኝ፣ ልጄ» አሉኝ። ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ምን በሉ?» አልኳቸው።

«እንጀራ።»

«ስንት? በምን?»

«የፋሲካ ዕለት» አሉ ቀስ ብለው፣ «ስወጣ የድመቷ ስሪንጅ ታጥቦ ቦታው ነበር። ስመለስ ጠረጴዛ ላይ አገኘሁት። መርፌው ገና እርጥብ ነበር።»

ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር። ዓመት ሙሉ እራት አቅርበውልኛል፣ ልጄ ብለው ጠርተውኛል። ይቅርታ ለመጠየቅ አፌን ስከፍት እጅጌያቸውን ወደ ላይ ሰበሰቡ።

«አንድ እንጀራ፣ በምስር» አሉኝ። «በል፣ አሁን ለክተህ ውጋኝ።»