ሞተሩ አለ፣ መኪናው የለም

ማለዳ፣ ከገዳሪፍ

እዚሁ ሱዳን ውስጥ ባሱንዳ ወደምትባል ቦታ የሄድኩት ለባለቤቴ ሞተር ሳይክል ሞተር ፍለጋ ነው። እሱ ለሥራ ካርቱም እንደሄደ ጦርነቱ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ስልኩ አይሠራም። ሞተር ሳይክሉም ግቢያችን ውስጥ ቆሞ ቀረ። ሜካኒኩ፣ «የሞተሩ ውስጥ ዝጎ ተጣብቋል፤ የዚህ ዓይነት ዕቃ ዛሬ የሚገኘው ከሌላ አሮጌ ላይ ተፈትቶ ነው» አለኝ። ባለቤቴ ሲመጣ እየሠራ እንዲያገኘው ፈለግሁ።

አጠያይቄ ባሱንዳ ውስጥ አንድ የተጣለ ሞተር ሳይክል እንዳለ ሰማሁ። የእድሪስ ነው፤ ወላጆቹ በረሃቡ ዘመን ከአገራችን የመጡ፣ እሱ ግን እዚሁ የተወለደ ወጣት። ደወልኩለት።

«ኻልቲ፣ ሞተሩ አለ። መኪናው ነው የሌለው።»

ኻልቲ አክስቴ ማለቱ ነው። መጓጓዣ የለም ያለኝ መስሎኝ፣ «መኪናውን ለእኔ ተወው፤ ቦክሲ አላጣም» አልኩት።

«እርስዎ ካሉማ ይሁን!» ብሎ ሳቀ።

መንገድ ላይ

ቦክሲ የሚሉት ከኋላው ክፍት የሆነውን መኪና ነው። ማሽላ ለማጨድ ከመተማ ከመጣች ሴት ጋር የሰሊጥ ጆንያ ላይ ተቀመጥን። ጥቁሩ መሬት ተሰነጣጥቆ፣ አቧራው አፋችን ይገባል። መኪናው ሲያርፍ፣ ጾም ነበርና ፉል በሰሊጥ ዘይት አዘዝን። ዳቦዋን ቆርሳ ሰጠችኝ።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ሞተር ልገዛ።»

«ባል የለሽም እንዴ?»

«አለ» አልኳት።

ባሱንዳ፣ እኩለ ቀን

ሞተር ሳይክሉ ኒም ዛፍ ላይ ተደግፏል፤ ኮርቻው የዶሮ ማደሪያ ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ባየው መሃሉ ባዶ ነው።

«ሞተሩስ?»

እድሪስ ኮርቻውን መታ መታ አደረገ። «ይኸው!»

«ይሄማ ባዶ ነው፣ ልጄ።»

«ሞተር ማለት እኮ ይሄው ነው። መኪናው የለም ብዬዎት ነበር!»

ያኔ ገባኝ። በእነሱ ዐረብኛ ሞተር ሙሉው ሞተር ሳይክል ነው፤ መኪና የሚሉት ደግሞ እኛ ሞተር የምንለውን። ሁለታችንም ሳቅን፤ የእኔ ቶሎ አለቀ።

«ለስፔር ይሆንዎታል። ጎማው አለ፣ መብራቱ አለ» አለኝ።

ዞሬ ዞሬ አየሁት። ያለው ሁሉ እኛ ቤት አለ፤ የሌለው እኛም ቤት የለም። ድምፅ የሌላቸው ሁለት ሞተር ሳይክሎች ምን ያደርጉልኛል? ልተወው ስል መሪው ላይ በእጅ የሚጨመቅ የላስቲክ ጡሩምባ አየሁ። የባለቤቴን ጡሩምባ ፀሐይ ሰነጣጥቆታል። ቤት ሲመጣ በር ላይ ሁሌ ሁለት ጊዜ ይጨምቀው ነበር።

«ይሄን ብቻ ብትሸጥልኝ?»

«ከገዳሪፍ ድረስ ጡሩምባ ፍለጋ? ይውሰዱት ኻልቲ፣ በነፃ!»

እግዜር ይስጠው።

ወደ ቤት

ጀምበር ሳትጠልቅ በራችን ላይ ደረስኩ። እጄ አላስቻለውም፤ ጡሩምባውን ሁለት ጊዜ ጨመቅሁት።

የስምንት ዓመቷ ልጄ ማርታ «አባዬ!» እያለች ሮጣ ወጣች። እኔን አየች። ከኋላዬም አየች።

«እኔ ነኝ፣ ልጄ።»

አቅፌያት ቆየሁ። ከዚያ ጡሩምባውን የአባቷ ሞተር ሳይክል መሪ ላይ አሰርነው፤ እሷም በነጠላዬ ቁራጭ ጠቀለለችው። «እሱ እስኪመጣ ማንም እንዳይነካው» አለችኝ።

ስነሳ፣ ሞተሩ ቢነሳ ናፍቆቴ የሚቀልልኝ መስሎኝ ነበር። በዚያ ቤት የምጠብቀው እኔ ብቻ እንዳልሆንኩ ያወቅሁት በሩ ላይ ነው። በሰላም ወስዶ የመለሰኝ አምላክ ይመስገን። ባለጡሩምባውንም ይመልስልን።