ሁለተኛው እጅጌ

ከባለቤቴ ጋር አብረን የሠራነው የመጨረሻ ሥራ የአንድ ቀሚስ እጅጌ ነው። ቀሚሱ የጎረቤታችን የእትዬ ነበር፤ ለአረፋ ሊለብሱት ያዘዙት አረንጓዴ ቀሚስ። ከሰዓት በኋላ ዝናብ ጀመረና በረንዳው ጨለመ። እሱ የቀኙን እጅጌ ዙሪያውን ጨርሶ "ያዥ" አለኝ፤ የስፌት መኪናውን የሚረግጠውን እግሬን አቆምኩ። ክሩን በጥርሱ በጠሰና ጨርቁን ወደ ብርሃን ከፍ አድርጎ አየው።

"ግራውን ነገ" አለ።

ክራንቾቹን አቀበልኩት፤ የጫፋቸውን ጭቃ ጠርጌ ከኋላው ገባሁ። በማግስቱ ደረቱን ያዘው፤ ሳምንቱ ሳያልቅ አረፈ። ስለዚያ ሳምንት ሌላ የምጽፈው የለኝም።

ባለቤቴ በልጅነቱ ልምሻ ይዞት ሁለቱም እግሮቹ አይታዘዙትም ነበር። መካነ ሰላም ውስጥ ወደ ገበያ በሚወስደው መንገድ ዳር ልብስ ይሰፋ ነበር። ሳላገባው በፊት የስፌት መኪናው በእጅ የሚዞር ነበር። ቀኝ እጁ መያዣውን ሲያዞር ጨርቁን የሚመራው ግራ እጁ ብቻ ነው። ጠርዝና ትራስ ልብስ በዚያም ይሰፋል፤ እጅጌ ግን ሁለት እጅ ይፈልጋል። እኔ ተማሪ ሆኜ ሸሚዝ ላሰፋ ሄጄ ከእጅጌው ጋር ሲታገል አየሁት።

"አንቺ ልጅ፣ ቆመሽ ከምታዪኝ ይቺን አዙሪልኝ" አለኝ።

አዞርኩለት።

"ቀስ ብለሽ፤ ቅቤ እየናጥሽ አይደለም።"

ልንጋባ ስንል አክስቴ፣ "እግር የሌለው ወስደሽ ማን ሊሮጥልሽ ነው?" አለችኝ።

"ማን ያባርረናል?" አልኳት።

ከተጋባን በኋላ በእግር የሚረገጥ መኪና ገዛን። ለእሱ እግር አይሆንም፤ ለእኔ እግር ግን ይሆናል። እሱ በቦታው ይቀመጣል፣ እኔ ከጠረጴዛው ማዶ በርጩማ ላይ ሆኜ ከወዲያ በኩል መርገጫውን እይዛለሁ። እሱ ጎማውን በመዳፉ ገፋ አድርጎ "በይ" ይላል፤ እረግጣለሁ። "ያዥ" ሲል አቆማለሁ። ሁለቱም እጆቹ ለጨርቁ ሆኑ። ዕድሜያችንን ያሳለፍነው እንዲህ ፊት ለፊት ተያይተን ነው።

በእግሬ ሐሳቤን ያውቀው ነበር።

"ዛሬ ከማን ጋር ተጣልተሽ ነው?" ይለኛል።

"ከማንም።"

"ታዲያ ጨርቁ ምን አደረገሽ?"

ሻይ ቤት ስንገባ አስተናጋጆች የሚጠይቁት እኔን ነበር። "ምን ይጠጣል?" ይሉኛል፣ እሱ እዚያው ተቀምጦ። "ሻይ ይጠጣል፤ ስኳር አይወድም፤ ጆሮውም ደኅና ነው" ብሎ ራሱ ይመልሳል። መጀመሪያ መጀመሪያ እናደድ ነበር። በኋላ እኔም ለመድኩና ወደ እሱ ዞሬ "ምን ትጠጣለህ ይሉሃል" እያልኩ በወጉ አስተረጉም ጀመር። ሻዩ ሳይመጣ ቤቱ በሙሉ ይስቃል።

ዐረብ አገር ያለችው ልጃችን አንድ ጊዜ ለመኪናው የሚገጠም ሞተር ላከችልን። "እማ፣ እግርሽን አሳርፊ" ብላ ነው። እሱ ማስነሻውን በክርኑ እንዲጫነው አድርጎ አስገጠመው። መብራት ሲኖር ደኅና ይሄዳል። እኔ ጓዳዬን ሳበጃጅ ሰነበትኩ። ከጥቂት ቀን በኋላ ከበረንዳው ጠራኝ።

"ምነው፣ ተበላሸ?"

"አልተበላሸም። አያወራም።"

ሞተሩ ተፈታ፤ አልጋ ሥር ገባ። ለልጃችን "መብራት እየጠፋ አስቸገረን" አልናት። እውነትም ይጠፋል።

አርባው ከወጣ በኋላ ልጄ ደውላ፣ "አሁንስ ሞተሩን አስገጥሚው" አለችኝ። ሞተር እግር ነው፤ እኔ የጎደለኝ እጅ ነበር። የእትዬ ቀሚስ ባለአንድ እጅጌ እንደሆነ መኪናው ላይ ነጠላ ተሸፍኖ ቆየ። አረፋ አለፈ፤ እትዬ የዓምናውን ለበሱ። በየቀኑ መጥተው ይጠይቁኛል፣ ስለ ቀሚሱ ግን ቃል አይተነፍሱም። ለሌላ ሰፊ ልስጠው ብዬ አጥፌ አነሳሁትና መልሼ አስቀመጥኩት። ይህን ለሌላ ሰው ከሰጠሁ የሚቀጥለውንም እሰጣለሁ፤ ከዚያ መኪናው ይሸጣል፣ በረንዳው ይዘጋል፣ እኔም የልጄን እጅ እየጠበቅሁ እቀመጣለሁ። ይህን አውቀዋለሁ። መስፋቱን ደግሞ አላውቅም።

መውሊድ ሲቃረብ እትዬ መጡና ደንበኛ የሚቀመጥበት አግዳሚ ላይ አረፍ አሉ።

"ቀሚሴን ትጨርሺዋለሽ ወይስ ባንድ እጅጌ ልውጣ?"

"እትዬ፣ እኔ እኮ እግሩ ብቻ ነበርኩ።"

"ወላሂ? ይህን ሁሉ ዘመን ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው የምትረግጪው?"

በእሱ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። መርገጫውን ስጫነው ጎማው ወደ ኋላ ዞረና ክሩ ተተብትቦ ተበጠሰ። ክር አስገብቼ እንደገና ሞከርኩ፤ እንደገና ተበጠሰ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ እግሬ የለመደው ከማዶ ነው። ከዚያ በኩል ተረከዜ ይጫነው የነበረውን ከዚህ በኩል የሚጫነው ጣቴ ነው። ይህን ለእግሬ ነገርኩት። ጨርቁን በሁለት እጄ ይዤ ልጀምር ስል ግን እግሬ ከነጭራሹ አልነቃነቅ አለ።

እትዬ ትንሽ አዩኝ። ከዚያ ድምፃቸውን ልክ እሱ እንደሚያደርገው ዝቅ አድርገው "በይ" አሉ።

ጎማውን በመዳፌ ገፋሁት፤ እግሬ ሄደ። ብብቱ ጋ ስደርስ "ያዥ" አሉ። ያዝኩ። ጨርቁን አዞርኩ። "በይ።" እንባዬ እጅጌው ላይ ሲወርድ፣ "አብሽሪ፣ ውሃ ነው፤ ይደርቃል" አሉኝ።

እጅጌው ትንሽ ወደ ኋላ ዞሯል። እሱ ቢሆን አይቶ አያልፈውም። እትዬ ለብሰው ክንዳቸውን ከፍ ዝቅ አደረጉ።

"ፈትቼ ልድገመው።"

"ተዪው። ቀኙ የሱ፣ ግራው ያንቺ። ሰው ቢጠይቀኝ መለየት አያቅተኝም።"

ለመውሊድ ለብሰውት ሄዱ፤ ሲመለሱም በበረንዳው በኩል እጃቸውን እያወዛወዙ አለፉ።

አሁን ጠዋት በረንዳውን ከፍቼ በእሱ ወንበር እቀመጣለሁ። የማዶውን በርጩማ አላነሳሁትም፤ ወሬ የሚወድ ደንበኛ ይቀመጥበታል። ትራስ ልብስና የተማሪ ዩኒፎርም እሰፋለሁ። ለብቻዬ ስሆን "በይ" ብዬ እጀምራለሁ፣ "ያዥ" ብዬ አቆማለሁ። እጅጌም እቀበላለሁ።