ጉልበቷ አልቋል የተባለችው ሴት

ጸሐይነሽ ሃያ ስምንት ዓመት በሞላት ጊዜ፣ በአዲስ አበባ ክለቦች በነጠላ ባድሜንተን የሚያሸንፋት ሴት አልነበረችም። ቁመቷ አጭር ነው። ከሜዳው አንድ ጥግ ወደ ሌላው ስትደርስ ግን ሮጣ ሳይሆን እዚያው ቆማ የጠበቀች ነበር የምትመስለው። አሰልጣኟ ዘማርያም ይባላል። በአሥራ አራት ዓመቷ ከትምህርት ቤት ሜዳ መርጦ ያወጣትም፣ ራኬት አያያዝ ያስተማራትም እሱ ነው። አባቷ ቀደም ብሎ ስለሞተ፣ "ጋሼ" ስትለው ቃሉ ከአፏ የሚወጣው እንደ ልጅ ነበር።

በዚያ ዓመት ለአፍሪካ ሻምፒዮና በሴቶች ነጠላ አንዲት ተጫዋች ብቻ እንድትሄድ ተወሰነ። ማን እንደምትሄድ የሚጠራጠር አልነበረም። ጸሐይነሽ ፓስፖርቷን ለዘማርያም ሰጠች፤ እናቷም ለጎረቤት ሁሉ አወሩ። ጉዞው አራት ቀን ሲቀረው ልምምድ ልትሠራ ብትገባ፣ አንዲት ልጅ የብሔራዊ ቡድኑን ቱታ ስትለካ አገኘች። ልጅቱ የዘማርያም የእህቱ ልጅ ናት።

ጸሐይነሽ ወደ ፌዴሬሽኑ ቢሮ ሄደች። ጸሐፊዋ ግራ ቀኙን አየችና አንድ ደብዳቤ አሳየቻት። "ተጫዋች ጸሐይነሽ በግራ ጉልበቷ ላይ በደረሰባት ጉዳት ምክንያት ለዚህም ሆነ ለወደፊት ውድድር ብቁ አለመሆኗን አረጋግጣለሁ" ይላል። ከስሩ የዘማርያም ፊርማ አለ።

ጉልበቷ ምንም አልሆነም። አሟት አያውቅም።

መኪናው ውስጥ ሊገባ ሲል ደረሰችበት።

"ጋሼ፣ የትኛውን ጉልበቴን ነው የተጎዳሁት?"

"ጸሐይ፣ ነገሩን አታክብጂው። በሚመጣው ዓመት ትሄጃለሽ።"

"ደብዳቤው 'ለወደፊትም' ይላል እኮ።"

"የደብዳቤ አጻጻፍ ነው" አለና በሩን ዘጋ።

የደብዳቤ አጻጻፍ ብቻ ሆኖ አልቀረም። ክለቧ ውል ሊያድስ ሲል ያ ወረቀት ፋይሏ ውስጥ ተገኘ። ሌላ ክለብ ሄደች፤ "ጉልበትሽ አልቋል ይባላል" አሏት። በራሷ ወጪ ሐኪም ቤት ሄዳ ጤነኛ መሆኗን የሚገልጽ ማስረጃ አመጣች፤ የተቀበላት አልነበረም። ሁለት ዓመት በር ስታንኳኳ ከረመች። በመጨረሻ ካምፓላ ውስጥ ለአየር መንገድ የሚሠራው የአጎቷ ልጅ ኢዮኤል፣ "እዚያ ተቀምጠሽ ከምትጎጂ እዚህ ነይና ሥራ እንፈልግልሽ" አላት። ራኬቷን ለጎረቤት ልጅ ሰጥታ ሄደች።

ካባላጋላ በሚባለው የካምፓላ ሰፈር ወይዘሮ ገንዘቤ የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት ነበራቸው። ጸሐይነሽ በአስተናጋጅነት ጀመረች፤ ቆይታ የቤቱ ኃላፊ ሆነች። አራት ዓመት ሙሉ ስለ ባድሜንተን አንዲት ቃል አልተናገረችም። ገንዘቤ ራሳቸው ተጫዋች እንደነበረች አያውቁም ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ወባ ያዛትና ኪቡሊ ሆስፒታል ሄደች። መድኃኒቷን ይዛ ቁልቁለቱን ስትወርድ፣ ከአንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ የሚወጣ ድምፅ ሰማች። ሹትል፣ ያ ላባ የተሰካበት ትንሽ ኳስ፣ ራኬት ላይ ሲያርፍ የሚሰጠው ድምፅ ነው። ትኩሳቷን እንደያዘች ገብታ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። የስፖርት መምህሩ ኢስሀቅ አሥር ተማሪዎችን ያጫውታል። ከመካከላቸው አንዲት ረጅም፣ ሻሽ ያሰረች የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጇ ልዩ ነው፤ እግሯ ግን ምንም አያውቅም። ሱልጣና ትባላለች። እናቷ ናኪቩቦ ገበያ ጫማ ትሸጣለች።

ጸሐይነሽ ሲሻላት ተመልሳ መጣችና መምህሩን፣ "ያቺን ልጅ ስጠኝ" አለችው።

ከስፖርት ፍቅር ነው ያደረገችው ብል እዋሻለሁ። እሷም አትልም። ልጅቱን ባየች ሰዓት ያሰበችው አንድ ነገር ነው፤ ዘማርያም በዚያን ጊዜ የብሔራዊ ቡድኑ አሰልጣኝ ሆኗል፤ አንድ ቀን የእሱ ተጫዋችና ይህች ልጅ አንድ ሜዳ ላይ ይገናኛሉ።

ዘማርያም እንዴት እንደሚያስተምር ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በቀኝ እጁ ለሚጫወት ሰው የግራው የኋላ ጥግ ፈተና ነው። ዘማርያም ተማሪዎቹ ከዚያ ጥግ ሲመልሱ ሁልጊዜ የጎኑን መስመር ይዘው ቀጥታ እንዲመቱ ያደርጋል። አግድም መላክ እሱ ራሱ አይችልም፤ የማይችለውን ደግሞ ሌላው ሲሞክር ይቆጣል። ስለዚህ የእሱን ተጫዋች እዚያ ጥግ ላስገባ ሰው ሥራው ቀላል ነው። መስመሩ ላይ ቆሞ መጠበቅ ብቻ ነው።

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ በሳምንት አራት ቀን፣ ሱልጣና ሹትሉን ወደዚያ ጥግ ስትልክና መስመሩን ይዛ ስትጠብቅ ኖረች። በየቀኑ ሁለት መቶ ጊዜ። ክንዷ ሲዝል ጸሐይነሽ "ሃያ ቀረሽ" ትላለች። ሃያው ሲያልቅ ሌላ ሃያ ይመጣል።

"ኮች፣ ይሄ ሜዳ ሌላ ጥግ የለውም?" አለቻት አንድ ቀን ልጅቱ፣ በእንግሊዝኛና በሉጋንዳ እያቀላቀለች፤ የሁለቱ መግባቢያ እሱ ነበር።

"አለው። ይሄ ግን ለሚመጣው ነው።"

"ማን ነው የሚመጣው?"

"ሲመጣ ታይዋለሽ።"

ዘንድሮ ሻምፒዮናው ካምፓላ ላይ እንዲካሄድ ተወሰነ። ሃያ አንድ ዓመት የሞላት ሱልጣና ከአዘጋጇ አገር ተጫዋቾች አንዷ ሆና ተመረጠች። ድልድሉ የወጣ ዕለት ጸሐይነሽ ምግብ ቤቱ ጓዳ ቆማ በስልኳ አየችው። ሱልጣና በመጀመሪያው ዙር የምትገጥማት ምስጢር የምትባል የኢትዮጵያ ተጫዋች ናት። የአሰልጣኙን ስም መፈለግ አላስፈለጋትም። ስልኩን ገልብጣ አስቀመጠችና ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች።

ከሁለት ቀን በኋላ ቡድኑ የአገር ምግብ ፈልጎ ካባላጋላ መጣ። ስምንት ሰዎች ናቸው። በሩ አጠገብ ያለውን ረጅም ጠረጴዛ ይዘው ተቀመጡ። ዘማርያም ጠጉሩ ሸብቷል፣ ወፍሯል፣ ድምፁ ግን ያው ነው። ጸሐይነሽ ሌላ አስተናጋጅ መላክ ትችል ነበር። ራሷ ሄደች።

ትእዛዝ ስትቀበል ፊት ለፊቱ ቆመች። ጥብሱን ስታቀርብ ክንዷ ትከሻውን ነካው። ቀና ብሎ አያትና፣ "እህት፣ ሚጥሚጣ ጨምሪልን እስቲ" አላት።

ጨመረችላቸው።

ጓዳ ስትገባ ገንዘቤ ፊቷን አዩ። "ምን ሆነሻል? ደም የለሽም እኮ" አሏት። በአሥር ዓመት ውስጥ ለመጀመሪያ ጊዜ ጸሐይነሽ ታሪኩን ነገረቻቸው፤ ቆማ፣ ሳህን እያደራረቀች።

ገንዘቤ አዳምጠው ሲጨርሱ፣ "የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም" አሉ። "ታዲያ ምነው ማንነትሽን አልነገርሽውም? እኔ ብሆን ወጡን አናቱ ላይ እደፋው ነበር።"

"ወጥ ይታጠባል፣ እትዬ" አለች።

የጨዋታው ቀን ሉጎጎ አዳራሽ ግማሹ እንኳ አልሞላም። ጸሐይነሽ ሰማያዊ ቀሚሷን ለብሳ፣ አንገቷ ላይ የአሰልጣኝ ካርድ አንጠልጥላ፣ ከሱልጣና ጀርባ ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠች። በሜዳው ማዶ ዘማርያም ተቀምጧል። አንዴ ወደ እሷ አየ፣ ቅንድቡን ሰበሰበ፣ ከዚያ ተወው።

ምስጢር ጎበዝ ናት። ፈጣን ናት፤ መረቡ አጠገብ ደግሞ ሱልጣናን ሁለት ሦስት ጊዜ አሞኘቻት። በመጀመሪያው ጌም እስከ አሥራ ስምንት እኩል ሄዱ። ከዚያ ሱልጣና ሹትሉን ከፍ አድርጋ ወደ ግራው ጥግ ላከችው። ምስጢር ዞራ መታች፤ መስመሩን ይዞ ቀጥታ መጣ። ሱልጣና ቆማ ትጠብቀው ነበር። ሦስት ጊዜ እንደዚያ ሆነ። 21 ለ 18።

በሁለተኛው ምስጢር ጥጉን ሸሸች፤ ወደ ጥጉ የሚላከውን ረጅም ምት ቀድማ እየዘለለች ቆረጠችው። 21 ለ 19 አሸነፈች። አዳራሹ ውስጥ ያሉ ጥቂት ኢትዮጵያውያን ጮኹ። ዘማርያም ተነስቶ አጨበጨበ።

ሱልጣና ላቧን እየጠረገች ወደ ወንበሩ መጣች። "ኮች፣ ጥጉን አወቀችብን።"

"ልጅቱ ብታውቅ ምን አለ" አለች ጸሐይነሽ። "እሱ አያውቅም። አሁን ይቆጣታል፤ በተቆጣት ቁጥር ወደ ለመደችው ትመለሳለች። ዝም ብለሽ ላኪ። አታርፊ። አታዝኚላት።"

እንዳለችውም ሆነ። በሦስተኛው ጌም መጀመሪያ ላይ ምስጢር አንዴ ከጥጉ አግድም ለመላክ ሞከረችና ሹትሉ መረቡ ላይ ቀረ። ዘማርያም ከወንበሩ ሆኖ፣ "ቀጥታ! ስንት ጊዜ ልንገርሽ! ቀጥታ!" ብሎ ጮኸባት። ጸሐይነሽ ያንን ድምፅ ስትሰማ ከደስታ ብዛት ጥርሷን ነከሰች። ልጅቱ ከዚያ በኋላ ቀጥታ መታች፤ ደጋግማ ቀጥታ መታች፤ በእያንዳንዱም ሱልጣና ቆማ ጠበቀቻት። አሥራ አንድ ለአራት። አሥራ ስድስት ለሰባት። መጨረሻ ላይ ምስጢር እያለቀሰች ነበር የምትጫወተው። ጸሐይነሽ አየቻት፣ አላዘነችም። የምታየው ከልጅቱ ጀርባ የተቀመጠውን ሰው ብቻ ነበር።

21 ለ 9።

ሱልጣና ራኬቷን ጥላ ዞረች። እጆቿን ዘርግታ ወደ ወንበሩ ሮጠች። ወንበሩ ባዶ ነበር።

ጸሐይነሽ ሜዳውን ዞራ ዘማርያም ፊት ቆማለች።

"አወቅከኝ?" አለችው። በሕይወቷ አንተ ብላው አታውቅም።

ሰውዬው ካርዷን አየ፣ ፊቷን አየ። ቀስ በቀስ ፊቱ በራ። "ጸሐይ! ጸሐይነሽ አይደለሽም እንዴ? አንቺ! እዚህ ነሽ?" አለና እጇን ሊይዝ እጁን ዘረጋ። ከዚያ በእውነተኛ አሳቢነት፣ "ጉልበትሽ እንዴት ሆነልሽ?" ብሎ ጠየቃት።

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ያዘጋጀችው ንግግር ነበራት። ሰክሮም፣ አፍሮም፣ ክዶም፣ ለምኖም በሕልሟ አይታዋለች። በራሱ ውሸት አምኖ አገኘዋለሁ ብላ ግን አስባ አታውቅም። እሱ ዘንድ ነገሩ እንዲህ ተቀምጧል፤ አንዲት ጥሩ ተጫዋች ነበረችው፣ ጉልበቷ ተጎዳ፣ ያሳዝናል።

ቀሚሷን ሰበሰበች። ግራ እግሯን አስቀድማ፣ ሹትል መሬት ሊነካ ሲል እንደሚወረድለት፣ የኋላው ጉልበቷ ወለሉን እስኪነካ ወረደች። ተነሳች። ደግማ ወረደች። አሥር ጊዜ። የመስመር ዳኞቹ ቆመው አዩ። ምስጢርም ፎጣዋን ከፊቷ አንስታ አየች። ስትጨርስ ትንፋሿ እንኳ አልተቆራረጠም።

"ይኸውልህ ጉልበቴ" አለች። "ያኔም ይሄው ነበር። ደብዳቤውን የጻፍከው ለእህትህ ልጅ ቦታ ስትፈልግ ነው። አሁን ደግሞ ሌላ ደብዳቤ ጻፍ፤ ተጫዋችህን ማን እንዳሸነፋት ጻፍ፤ ስሜን አሟልተህ።"

 የዘማርያም የፊቱ ቀለም ሲለወጥ አየችው። ያኔ ማስታወሱን አወቀች። ዞረችና ሄደች።

ይህን ሲነግሯችሁ እዚህ ላይ ቢያበቃ ደስ ይላል። ሱልጣና ግን አሁንም ሜዳው ዳር ቆማለች። የተባለው በአማርኛ ስለሆነ ቃሉ አልገባትም፤ ነገሩ ግን ገብቷታል። ስድስት ዓመት ስትጠብቀው የኖረችውን "የሚመጣውን" ሰው አይታዋለች።

"ያ ሰውዬ ነው?" አለች።

"አዎ።"

"ስድስት ዓመት በልብሽ የነበረችው ተጫዋቿ አይደለችም። እኔም አይደለሁም። እሱ ነው።"

ጸሐይነሽ ልታቅፋት ተጠጋች። ልጅቱ ቦርሳዋን አንስታ፣ "ነገ ወንበሩ ላይ አትቀመጪልኝ" አለቻትና በቦዳ ሞተር ብስክሌት ሄደች።

በማግስቱ ሱልጣና በአሥራ ስድስቱ ዙር ከአንዲት ግብፃዊት ጋር ተጫወተች። ግብፃዊቷ ከግራው ጥግ አግድምም፣ ቀጥታም፣ አጭርም መላክ ትችላለች። 21 ለ 17፣ 21 ለ 14 አሸነፈቻት። ከሱልጣና ጀርባ መምህር ኢስሀቅ ተቀምጧል። ጸሐይነሽ ትኬት ገዝታ፣ ላይኛው ወንበር ላይ ከተመልካች ጋር ነበረች። በኪቡሊው አዳራሽ ያላስተማረቻትን ነገር ሁሉ አንድ በአንድ ከላይ ሆና አየችው።

ሦስት ሳምንት አለፈ። ዘማርያም አገሩ ተመልሶ በሥራው ቀጥሏል፤ ደብዳቤም አልጻፈም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሱልጣና ካባላጋላ መጣች። ምግብ ቤቱ ባዶ ነበር። ጸሐይነሽ ሻይ አቀረበችላት፤ አልነካችውም።

"ሌላ ጠላት አለሽ?" አለቻት ሱልጣና።

"የለኝም።"

"እርግጠኛ ነሽ?"

ጸሐይነሽ አሰበች። "እሱን ዛሬም ባገኘው ያንኑ እደግመዋለሁ፤ አልዋሽሽም። መጀመሪያ ግን አንቺን አቅፌ ነበር መሄድ የነበረብኝ።"

ሱልጣና የሻይ ስኒውን ወደ ጎን ገፋችው። ከዚያ፣ "እንግዲያው አሁን ምን ታስተምሪኛለሽ?" አለች።

ይህን ጥያቄ ጸሐይነሽ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። 

"መረቡ አጠገብ ያለውን ጨዋታ" አለች። "እሱን እኔም በደንብ አልችልበትም። አብረን ነው የምንማረው።"

ሱልጣና ሻይዋን ሳብ አድርጋ ስኳር ጨመረችበት። "ሰኞ በአሥራ አንድ ሰዓት" አለች። "እንዳታረፍጂ።"