ማር የነካው ተረከዝ

ከቤቴ፣ ከሴንቴኒያል ስነሳ

ታናሽ እህቴ ሂሩት ትናንት ወንድ ልጅ ተገላገለች። በእርግዝናዋ ጊዜ ስኳር ስለነበረባት የሕፃኑ ስኳር እየወረደ አስቸግሯል። ጡት ከመጥባቱ በፊት ሁልጊዜ ተረከዙን ወግተው ይለካሉ። ከአርባ አምስት በታች ከወረደ ከእናቱ ተወስዶ በደም ሥሩ ግሉኮስ ይሰጠዋል። እኔ ልረዳት የምችለው በገንፎ ብቻ ነውና አገንፍቼ፣ በፎጣ ጠቅልዬ፣ ጠዋት ወጣሁ።

ግሌንዴል

የባሏን አክስት እትዬ አስካለን ከአፓርትመንታቸው ወሰድኳቸው። ጭናቸው ላይ የማር ብልቃጥ ይዘዋል።

«ቀስ በይ፣ ይፈሳል» አሉኝ።

በረዶው ገና አልቀለጠም፤ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ደግሞ ቀይ መብራት ሁሉ እኛን የሚጠብቅ ይመስል ነበር።

ኦሮራ፣ ሆስፒታሉ

እትዬ ገንፎውን ማር እያስነኩ ሂሩትን ማጉረስ ያዙ። በቃኝ ብትልም ማን ሰምቷት። ነርሷ ገባች፣ የሕፃኑን ተረከዝ በአልኮል ጠርጋ ወደ መለኪያው ዞር አለች። ሕፃኑ አለቀሰ።

«አይዞህ የኔ አባት» ብለው እትዬ በዚያው ባጎረሱበት እጅ እግሩን ያሹለት ጀመር።

ነርሷ ወጋችው። ዘጠና ስምንት!

ሂሩት በደስታ አለቀሰች። ነርሷ ግን ግራ ገባት።

«አፉ ውስጥ የጨመራችሁት ነገር አለ?»

«ኧረ የለም» አለች ሂሩት። እውነቷን ነው።

እኔ ግን የእትዬን ጣቶች አየሁ። ብናገር ትልቅ ሴት በሰው ፊት ማዋረዴ ነው፤ ዝም ብል ደግሞ ልጁ ደህና ነው ተብሎ ይተዋል። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ።

«እትዬ ይቅር ይበሉኝ፣ እጅዎ ላይ ማር አለ፤ የተለካው እሱ እንዳይሆን» አልኩና ለነርሷም ነገርኳት።

ሌላኛውን እግሩን በሳሙና አጥባ፣ አድርቃ ወጋችው። ሠላሳ አንድ። ወዲያው ይዘውት ሄዱ።

እትዬ እጃቸውን ዘርግተው ተቀመጡ። «ልገድለው ነበር?»

«አላወቁማ፣ እትዬ።»

ስመለስ

ከሰዓት በኋላ ስኳሩ ስልሳ ደረሰ። ሊያዩት ሲፈቀድላቸው እትዬ እስከ ክርናቸው ታጠቡ፣ ከዚያም እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሩቅ አዩት። ግሌንዴል እስካወርዳቸው አላናገሩኝም። ትልቅ ሰው ማክበር ዝም ማለት ነው ብዬ ነው ያደግኩት፤ ዛሬ ግን መናገሬ አላስቆጨኝም። ኩርፊያቸው ግን ከብዶኛል።

ቤቴ ገብቼ ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኬ ጠራ። እትዬ ናቸው።

«አሁንስ ስንት ሆነ?»

«ሰባ ደርሷል፣ ሂሩት አሁን ጻፈችልኝ።»

«የለካችው ልጅ እጇን ታጥባ ነው? ጠይቂልኝ እስቲ።»