አምስተኛው ስም

ልጅ ሳለሁ የአባቶቼን ስም ሳልሳሳት መቁጠር እችል ነበር፤ አሁን አድጌ፣ ደብተር ሙሉ ከጻፍኩ በኋላ፣ አምስተኛው ላይ ስደርስ እቆማለሁ። ለምን እንደምቆም ልንገራችሁ፤ ጊዜያችሁን ከሰጣችሁኝ በከንቱ አላባክነውም። በዚያ ስም ምክንያት የእህቴ ሠርግ ሊቀር ነበር፤ ስሙ እውነት ይሁን ተረት ግን ዛሬም አልለየልኝም።

ቤታችን ከወረታ ወጣ ብሎ፣ ሜዳው ከሚጀምርበት ላይ ነበር። የፎገራ ሜዳ እንጨት ስለሌለው የሚነደው ኩበት ነው፤ የኩበት ጭስ ዓይን ያቃጥላል፣ ቢንቢን ለማባረር ግን የሚተካከለው የለም። ክረምት ገብቶ የርብ ወንዝ ሞልቶ ሲፈስ፣ ሜዳው ሐይቅ ሲመስልና ከብቱ ወደ ከፍታው ሲወጣ፣ እኛ ልጆች እራት እስኪደርስ መደቡ ላይ ተኮልኩለን አባባ ተገኘን እንከባለን። አባባ የአባቴ አባት ናቸው፤ አባታችን እኔ አፍ ሳልፈታ ስለሞተ ያሳደጉን እሳቸው ናቸው።

ያኔ ኩራዙ ገና አልተለኮሰም፤ ያለው ብርሃን የፍሙ ብቻ ነው። አባባ በበትራቸው ጫፍ ፍሙን ገፋ እያደረጉ፣ ቢሻው የሚባል ሰው በጎርፍ ዓመት የነጭ በሬ ጭራ ይዞ ውኃውን እንዴት እንደተሻገረ ይነግሩናል። በሬው ሦስት ቀን ዋኝቶ ደረቅ መሬት ሲረግጥ ገላውን አራገፈ፤ ቢሻውም በሬው ካራገፈበት ላይ በትሩን ተከለ፣ መሬቱም የእሱ ሆነ። «ቢሻው ላቀውን ወለደ፤ ላቀው እንግዳን ወለደ፤ እንግዳ እኔን ወለደ» ብለው ሲጨርሱ፣ ከበሬው ገላ የተራገፈው ውኃ እኔም ፊት ላይ የተረጨ ይመስለኝ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላስረዳ፤ አለዚያ የኋላው አይገባችሁም። ቀድሞ በእኛ አገር መሬት የሚገኘው ዘር በመቁጠር ነበር። መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው ሰው መወለዱን ያስመሰከረ ድርሻውን ይወስዳል፤ ያላስመሰከረ የሰው መሬት ሲያርስ ይኖራል። አባባም በጎልማሳነታቸው ጉማራ ወንዝ ዳር ስላለ ማሳ ተከራክረው፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ቆመው «ቢሻው ቅድመ አያቴ ነው» ብለው ምለው ረትተዋል። ይኸንንም ከበሬው ታሪክ አስከትለው እንደ ጀብዱ ያወሩት ነበር። ደርግ መጥቶ መሬቱ በገበሬ ማኅበር ሲደለደል ግን ቢሻው ሥራ ፈታ፤ ዘር መቁጠር የቀረው ለጋብቻ ብቻ ሆነ። ለጋብቻ ደግሞ ሰባት ቤት ሳይሞላ የሚገናኙ ሰዎች አይጋቡም፤ ይኸን ደርግም አልነካው።

የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሰፈራችን ሲደርስ ፊደል ቆጠርኩ። ዘማቾቹ ሲሄዱ የሚያስተምረኝ ስላልነበረ ያገኘሁትን ሁሉ አነብ ነበር፤ የስኳር ከረጢቱን፣ የገበሬ ማኅበሩን ማስታወቂያ፣ የክብሪት ቀፎውን ሳይቀር። እናቴ ወረታ ካለ ከአንድ ሐጂ ሱቅ ደብተር ገዝታ ሰጠችኝ፤ እኔም የአባባን ዘር ጻፍኩበት። ስሞቹን ብቻ መስሏችሁ? በሬውንም፣ ጎርፉንም፣ ክርክሩንም፣ መሐላውንም። አባባ ማንበብ ስለማይችሉ ገጹን በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አድርገው «እንግዲህ ብሞትም አልጠፋም» አሉ። ያኔ ከእኔ የሚበልጥ አዋቂ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር።

በዚያው ዓመት ታላቅ እህቴን ሙሉን ፈንታሁን የሚባል የአንበሳሜ ልጅ አስጠየቃት። ከአባቱ ጋር በሬ ሊገዛ ወረታ ገበያ ሲመጣ ተያይተዋል። ሙሉ ከዚያ በፊት የመጡ ሁለት ጠያቂዎችን አልፈልግም ብላ መልሳለች፤ ስለ ፈንታሁን ግን ለማንም ምንም ሳትል በየገበያው ዋዜማ ቀሚሷን ታጥብ ጀመር። ለእኔ ብቻ፣ ውኃ ስንቀዳ፣ ይኸኛው ከቀረ ሌላ ሰው ቤት እንደማትገባ ነገረችኝ።

ሽማግሌዎቹ የመጡት ከቀትር በኋላ ነው። የመሯቸው የፈንታሁን አያት መሪጌታ እንየው ናቸው፤ አንበሳሜ አካባቢ የቆሎ ተማሪ የሚያስተምሩ፣ ሲናገሩ ጢማቸውን የሚይዙ ሰው። አስቀድሞ የእናታችን ወገን ተቆጠረ፤ እሷ የጣራ ገዳም አካባቢ ልጅ ስለሆነች የሚያገናኝ አልተገኘም። ተራው የአባታችን ወገን ሲሆን አባባ ኮራ ብለው «የእኔን ልጅቱ ታንብበው» አሉ።

ተነሥቼ አነበብኩ። ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ አንድም ነገር ሳልዘል። ከሙሉ ጀምሬ አባታችንን አንድ፣ አባባን ሁለት፣ እንግዳን ሦስት፣ ላቀውን አራት፣ ቢሻውን አምስት አልኩና፣ የሚያምረው የበሬው ታሪክ ስለመሰለኝ ሳላቆም እሱንም ቀጠልኩ። መሪጌታ እጃቸውን ከጢማቸው አነሡ።

«በሬው ምን ዓይነት ነው አልሽ ልጄ?»

«ነጭ።»

«እኛ ዘንድ ቀይ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ሰውዬው ግን እሱ ራሱ ነው። ለፈንታሁን ስድስተኛ አያቱ ነው።»

እኛ በአምስት፣ እነሱ በስድስት፤ ሰባት የሞላ የለም። ሽማግሌዎቹ መሬት መሬት አዩ። መሪጌታ የቀረበውን ሳይቀምሱ ተነሡ፤ የምንለው ካለን በስምንተኛው ቀን እንደሚመለሱ፣ ከሌለን ግን ነገሩ እዚህ ላይ እንደቀረ ተናግረው ሄዱ። ሙሉ ጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች።

እናቴ ያን ዕለት የነገረችኝ ነገር እስካሁን አይረሳኝም፦ «አንች ልጅ፣ ሽማግሌ ሲቆጥር ዋጥ የሚያደርገውን አንች ጮኸሽ አነበብሽው።» ለካ ሰዎች ጋብቻውን ከወደዱት አምስተኛውን ስም ለስለስ አድርገው ያልፉታል። ይኸ የትም አልተጻፈም፤ ከየት ልወቀው? ሙሉ ደግሞ ሦስት ቀን ሙሉ ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። በአራተኛው፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ቢሻው የሚባል እኮ ብዙ ነው። በሬውን እንኳ ባትጨምሪ ምን ነበረበት?» አለችኝ።

እኔም ጥፋቴን በዕውቀት ላርም ተነሣሁ። አንዱ በሬ ነጭ፣ አንዱ ቀይ ከሆነ ሰዎቹም ሁለት ናቸው ብዬ አሰብኩና ሮጬ ለአባባ ነገርኳቸው። እሳቸውም «በሬውን ያነጣሁት እኔ ነኝ» አሉኝ። «ወጣት ሳለሁ አንድ ነጭ በሬ ነበረኝ፤ ስወደው ለጉድ ነበር።» ከዚያን ቀን ጀምሮ የቱን እንደማምን ጠፋኝ። በሬውን ከቀየሩ ሌላስ ምን ቀይረው ይሆን?

በስምንተኛው ቀን መሪጌታ ከሽማግሌዎቻቸው ጋር ሲመጡ አባባ እንደ ወትሮው አልተቀመጡም። ሻሻቸውን ፈትተው በእጃቸው እንደያዙ ቆሙ። አባባ እኮ በአገሩ የተጣላ ሁሉ «እሳቸው ይዳኙን» የሚላቸው ሰው ነበሩ።

«መሪጌታ፣ ላቀው የቢሻው ልጅ አይደለም። የቢሻውን ከብት እየጠበቀ እቤቱ ያደገ ልጅ ነው፤ አባቱን የሚያውቅ የለም። እኔ የማልኩት ለመሬቱ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ከአጠገባቸው ፈቀቅ ሲል አየሁት።

«አያ ተገኘ» አሉ መሪጌታ፣ «የዋሹት ያኔ ነው ወይስ ዛሬ?»

«መሬቱ ዛሬ የለም። ልጅቱ አለች።»

«እንግዲያው የዛሬውን ይማሉልኝ።»

«አልምልም። ከእንግዲህ በየትም ደጃፍ አልምልም።»

መሪጌታ ደብተሬን ተቀብለው ገጹን ከላይ እስከ ታች አነበቡት፤ ከዚያ አጥፈው መለሱልኝ። «ይኸን ያህል ሰው ፊት ስሙን የጣለን ሰው ከዚህ ወዲያ ምን ልጠይቀው?» አሉና ተቀመጡ። አመንኩ አላሉም። ያን ቀን ግን የቀረበላቸውን በሉ።

ሙሉ በጥር ተዳረች። አባባን ግን ከዚያ ወዲህ ለሽምግልና የሚጠራቸው ጠፋ፤ የንስሐ አባታቸው ያዘዟቸውን ጾም ይጾማሉ፣ ማታ ፍሙን በበትራቸው ይገፋሉ፣ ቢሻውን ግን አያነሡም።

ከፍ ስል ደብተሬን ይዤ ዞርኩ። የበሬ ጭራ ይዞ የተሻገረ ሰው በየመንደሩ አገኘሁ፤ አንዱ ዘንድ በሬው ጥቁር ነው፣ ሌላው ዘንድ ጭራሽ ላም ነው። ጎርፉ የሁሉም ስለሆነ በሬውም የሁሉም ሆኗል ማለት ነው። ስለዚህ በራሴ አንድ ዘዴ አወጣሁ፤ ከእያንዳንዱ ስም ሥር ማን እንደነገረኝና ነጋሪው ያን ጊዜ ምን ይፈልግ እንደነበር እጽፋለሁ። መሬት የፈለገ ሰው አያት ይጨምራል፤ ሹመት የፈለገ ያስረዝማል፤ የተጣላ ይቀንሳል። በሌላ ሰው ዘር ላይ ዘዴው ይሠራል። አባባ ላይ ስደርስ ግን ይከሽፋል፤ ሲምሉ መሬት ፈልገዋል፣ ሲክዱ የሙሉን ሠርግ ፈልገዋል። አንዲት በጣም ያረጁ ሴት፣ ላቀው ቢሻውን «አባባ» ብሎ ይጠራው እንደነበር ከእናታቸው ሰምተዋል። ደስ ብሎኝ ልጽፍ ስል «ከብት ጠባቂም ቢሆን እንዲያው ነው የሚለው» ብለው መልሰው አደናገሩኝ። አባባን ራሳቸውን መጠየቅ እችል ነበር። አንድ ሁለቴ አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

ሙሉ የመጀመሪያ ልጇን ይዛ ለፋሲካ የመጣች ጊዜ ልጁ ሦስት ዓመቱ ነበር። አባባ ከፍሙ አጠገብ ጭናቸው ላይ አስቀመጡት፤ በትራቸውን አነሡ፤ «ቢሻው የሚባል ሰው፣ በጎርፍ ዓመት...» ብለው ጀመሩ። ስንት ዓመት ያልሰማነው ድምፅ ነው። ሙሉ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች። ልጁ በአባቱ በኩል የቢሻው ነው፤ ለዚህ መሐላ አያስፈልግም። አባባ በሬው ጋ ሲደርሱ ቆም ብለው ወደ እኔ አዩና «ቀይ በሬ» አሉት። እኔ እንደሆነ ደብተሬ እጄ ላይ ነበር፤ ምን ብዬ እንደምጽፍ ግን አላወቅኩም።

አባባ የሚቀጥለውን ክረምት አልተሻገሩም። ዘሩን እንደገና በጻፍኩበት አዲስ ደብተር ላይ አምስተኛው መስመር ዛሬም ባዶ ነው፤ ከጎኑ በሬ ሥዬበታለሁ፣ ቀለም ግን አልቀባሁትም። እናንተም ሽማግሌ ካላችሁ ደብተር ይዛችሁ ዛሬውኑ ሂዱ። የነገሯችሁን እንዳለ ጻፉ፤ ማን እንደነገራችሁ፣ ያን ጊዜ ምን ጨንቆት እንደነበርም ጨምሩበት። ሰው ፊት ጮክ ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ግን ጓዳ ውስጥ ማን እንዳለ እዩ። ወደ እኛ አገር ከመጣችሁ ደግሞ አደራ፣ በሬው ምን መልክ እንደነበረው ጠይቁልኝ።