ላፕቶፔ ውስጥ የተቀመጠ አደራ

ነገሩ የገጠመኝ ባለፈው ዓመት፣ በበርበሬ ለቀማ ሰሞን፣ ቡሬ ከተማ ውስጥ ነው። ላፕቶፕ ላሠራ ሄጄ የሰው አደራ ይዤ ተመለስኩ። ላፕቶፔን በከፈትኩ ቁጥር ትዝ ስለሚለኝ ለእናንተም ላጫውታችሁ ብዬ ነው።

እኔ ፍኖተ ሰላም የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ትውልዴ ደብረ ታቦር ነው። በክረምት መርሐ ግብር ሁለተኛ ዲግሪዬን ስማር የመመረቂያ ጽሑፌን የምሠራው በአንዲት ርካሽ ላፕቶፕ ነበር። ላፕቶፗ ቀላልና ምቹ ናት፤ ግን ሆዷ ጠባብ ነው። ፎቶ አጠፋሁ፣ መዝሙር አጠፋሁ፣ አሁንም "በቂ ቦታ የለም" ትለኛለች። መረጃዬን የምተነትንበትን ሶፍትዌር መጫን አቃተኝ። አማካሪዬ ደግሞ "ውጤቱ የታለ?" እያሉ ይደውላሉ።

ከተማችን ውስጥ ያሳየኋቸው ጠጋኞች ሊነኳት አልፈለጉም። አንዲት ባልደረባዬ "ቡሬ አንድ ጎበዝ ልጅ አለ፤ ለምን አታሳዪውም?" ስትለኝ ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ተሳፍሬ ሄድኩ።

በላይነህ ይባላል፤ ትንሽ የኮምፒውተር መጠገኛ ሱቅ አለው። ላፕቶፗን ገልብጦ ክዳኗን ፈታና ውስጧን በእጅ ባትሪ አየ።

"ፋይል የምታስቀምጥበት ሚሞሪ ከቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ነቅሎ በትልቅ መተካት አይቻልም" አለኝ። ፊቴ ሲጠቁር አይቶ መሰለኝ ቶሎ ብሎ ጨመረበት። "ግን እዪው፣ እዚህ ጋ ሌላ ሃርድ ዲስክ የሚገባበት ባዶ ቦታ አለ። እሱ ከገባላት ትገላገያለሽ።"

ደስ አለኝ። ደስታዬ ግን አልቆየም። የሚገባው ዕቃ እሱ ጋ አልነበረም፤ ከባሕር ዳር እስኪመጣ መጠበቅ ነበረብኝ።

ከጎኔ አግዳሚው ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ተቀምጠው ነበር። ጉልበታቸው ላይ በማዳበሪያ ከረጢት የተጠቀለለ ነገር ይዘዋል። በላይነህ ወደ እሳቸው ዞሮ "አያ ታምሩ፣ የእርስዎም ዛሬ አልሆነም፤ ሃርድ ዲስኩን የማነብበት መሣሪያ ተበላሽቶብኛል" አላቸው።

አያ ታምሩ ማንኩሳ አካባቢ የሚኖሩ ገበሬ ናቸው። ከረጢቱ ውስጥ የያዙት የልጃቸው የትብለጥ ላፕቶፕ ነበር። ትብለጥ የግብርና ባለሙያ ነበረች። ታማ ካረፈች ዓመት አልፏታል። ላፕቶፗ ተቃጥላ አትነሳም፤ ሃርድ ዲስኳ ግን ደህና ሳይሆን አይቀርም ብሎ በላይነህ አውጥቶ አስቀምጦታል። ጣት የምታህል ስስ ነገር ናት። ችግሩ ሱቁ ውስጥ እሷ የምትገባበት ማሽን አለመኖሩ ነው።

በላይነህ እጁ ላይ ያለችውን ዕቃ አየ፤ ተከፍታ የተኛችውን የእኔን ላፕቶፕም አየ። ቀስ ብሎ "ካንቺዋ ጋር ግን ትገጥም ነበር" አለ።

እጄን ላፕቶፔ ላይ አሳረፍኩ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ፍላሽ ላይ የገለበጥኩት ጽሑፍ የቆየ ነበር፤ አዲሱ ሥራዬ በሙሉ ያለው እዚያች ላፕቶፕ ውስጥ ነው። የተቃጠለ ማሽን ውስጥ የነበረ ዕቃ ገብቶ የእኔንም ቢያበላሽብኝስ?

ሽማግሌው ገባቸው። "ተዪው ልጄ፤ የሰው ሥራ አይበላሽ። እኔስ መመላለሱን ለምጀዋለሁ" አሉና ለመነሳት ከረጢታቸውን ሰበሰቡ።

"ምን ፈልገው ነበር፣ አባቴ?" አልኳቸው።

"ፎቶዋን ነዋ። ለመታወቂያ የተነሳችው አለች፤ እሷ ላይ ግን ተኮሳትራ ነው የወጣች። ልጄ ኮስታራ አልነበረችም።"

ከዚህ በኋላ እምቢ የምልበት አንጀት አልነበረኝም። "ግጠመው" አልኩት በላይነህን።

ዕቃዋን አስገብቶ በትንሽ ብሎን አሰራትና ላፕቶፗን አበራ። እስክትነሳ ድረስ ዓይኔን ከስክሪኗ አልነቀልኩም። ተነሳች። የእኔ ሥራ እንዳለ አለ። ከሥሩ ደግሞ አዲስ የመጣው ሃርድ ዲስክ ታየ።

የትብለጥን ፎቶዎች አንድ በአንድ ከፈትንላቸው። የበርበሬ ቅጠል። በሽታ የመታው የበርበሬ ቅጠል። ዛፍ ሥር ስብሰባ የተቀመጡ ገበሬዎች። የውኃ ቦይ። አሁንም ቅጠል። አያ ታምሩ መጀመሪያ አንገታቸውን አስግገው ሲያዩ ቆዩ፤ ቀስ በቀስ ግን ወደ ኋላ ሸሸት አሉ።

"እሷስ?" አሉ።

"አንሺዋ እሷ ሆና ነው፣ አባቴ" አልኳቸው።

ፎቶው ሲያልቅ በላይነህ አንድ ቪዲዮ ከፈተ። ማሳ ታየ። ማሳው ላይ ጎንበስ ብለው የበርበሬ ችግኝ የሚተክሉት ራሳቸው አያ ታምሩ ናቸው። ከካሜራው ጀርባ የሴት ድምፅ "አባዬ፣ አራርቀው ይትከሉት እንጂ፤ ይተፋፈጋል" አለ።

ቪዲዮው ውስጥ ያሉት አያ ታምሩ ቀና አሉ። "ወይ ጉድ! አተካከል ያስተማርኋት እኔ፣ ዛሬ ዙራ እኔኑ ታርመኝ!"

ልጅቱ ሳቀች። ከልቧ ነው የሳቀችው። ስትስቅ እጇ ተንቀጠቀጠና ማሳውም የአባቷም ፊት አብረው ተወዛወዙ።

"ሳቋ ነው" አሉ አያ ታምሩ። ወደ ላፕቶፗ ጠጋ ብለው፣ እኛ መኖራችንን የረሱ ይመስል፣ "እሺ፣ አራርቄዋለሁ፤ አራርቄዋለሁ" ብለው መለሱላት።

በላይነህ ወደ መደርደሪያው ዞረ። እኔ እንባዬን መያዝ አልቻልኩም።

ቪዲዮው ሊያልቅ ሲል ፀሐይዋ ከትብለጥ ጀርባ ነበረችና ጥላዋ በማሳው ላይ ተዘርግቶ አባቷ እግር ሥር ደረሰ። ሰፊ ባርኔጣ አድርጋለች። ያየሁት እኔ ነኝ። በላይነህ መልሶ እዚያ ላይ አቆመው። አያ ታምሩ በጣታቸው የባርኔጣውን ዙሪያ ተከተሉት። "ከፀሐይ ተጠለይበት ብዬ የገዛሁላት ናት" አሉ።

ያቺን ምስል ጎረቤት ካለው ፎቶ ቤት አሳተምንላቸው። ከታች የልጅቱ ጥላ፣ ከላይ ወደ እሷ እያዩ የሚስቁት አባት። ፎቶውን ጋቢያቸው ውስጥ አስገቡና "ዛሬ ይበቃኛል" አሉ። ሌሎች ብዙ ቪዲዮዎች እንዳሉ ነግረናቸዋል።

በላይነህ ዕቃዋን ሊፈታ ሲል እጁን ያዙት።

"የት ልወስዳት? ቤቴ መብራት የለ፣ ማያ የለ። ከዚችው ትቀመጥ።" ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። "አንቺም ቦታ ጠቦሽ ነው የመጣሽው አሉ። የልጄን ነገር ሳትነኪ በተረፈው ሥሪበት። አደራ ግን።"

"አይሆንም አባቴ፤ ይሄማ የልጅዎ ንብረት ነው" ብዬ ብከራከርም አልሰሙኝም። "አስተማሪ ነሽ አይደል? እሷም የገበሬ አስተማሪ ነበረች" አሉኝ።

ሶፍትዌሬን በዚያች ዕቃ ላይ ጫንኩ። ጽሑፌን ጨርሼ ተመረቅኩ። የትብለጥ ፎልደር እንዳለ አለ። እንዳይጠፋ ብዬ ሌላ ፍላሽ ላይ ገልብጬ ለአያ ታምሩ ሰጥቻቸዋለሁ፤ እሳቸው ግን ማየት የሚወዱት እኔ ጋ ነው። ለገበያ ፍኖተ ሰላም ሲመጡ ቤቴ ጎራ ይላሉ። ወሬ እናወራለን፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ በርበሬው። ከዚያ አንድ ቪዲዮ እከፍትላቸዋለሁ። አንድ ብቻ። አንዳንዴ እሷ ትስቃለች፣ አንዳንዴ ስለ ማዳበሪያ ብቻ ታስረዳለች። እሳቸው ሁሉንም እኩል ነው የሚሰሙት።

አንድ ቀን "አባቴ፣ አንድ እንጨምር?" ብላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ።

"የለም ልጄ። ሁሉን ከጨረስሁትማ አዲስ ነገር የምትነግረኝ መቼ ነው?"

ስለዚህ እኔም እሳቸው በሌሉበት ከፍቼ አላይም። ትብለጥን በሕይወት ሳለች አላውቃትም። ድምፅዋን ግን እንደ እህቴ ድምፅ ለምጄዋለሁ፤ የገበያ ቀን ሲደርስም ዛሬ ምን ትለን ይሆን ብዬ ከአባቷ እኩል እጓጓለሁ።