ዳባት ላይ የቆመችው ካሚዮን

አያ ደምሴ ነገሩ ውሃ መሆኑን በዓይኑ እያየ ለምን ዝም አለ? ይህን ጥያቄ ዛሬም መመለስ አልቻልኩም። በክረምት ጠዋት ከጎረቤት ግቢ ማኪና እየዞረ አልነሳ ሲል፣ ያ የሚያጣጥር ድምፅ ከማነበው መጽሐፍ ያናጥበኛል።

አያ ደምሴ ጎንደር ውስጥ ከግቢያችን አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር የካሚዮን ሾፌር ነበር። ኮቱ ቤንዚንና የብርቱካን ልጣጭ ይሸት ነበር። ለሴት ልጅ ፊደል ምን ያደርግላታል በሚባልበት ቤት፣ የሞተሩን ዕቃ አንድ በአንድ እየጠራ ያስጠናኝ እሱ ነው። «መጀመሪያ ቤንዚኑን፣ ቀጥሎ እሳቱን። ሳታዪ አትፍረጂ» ይለኝ ነበር።

አንድ የሐምሌ ቀን በእሱ ካሚዮን ከአባቴ ጋር ከደባርቅ ስንመለስ ዳባት ላይ ቆምን። አያ ደምሴ ሞተሩ እንዲበርድ ክዳኑን ከፍቶ ምሳ ሊበላ ሄደ። አባቴ ቄስ ነበሩ። ለታመመችው እናቴ ከያዙት የጠበል ቅል ወደ እፍኛቸው እያፈሰሱ፣ «መንገዱን ይባርክልን» ብለው ሞተሩን ደህና አድርገው ረጩት። ከእኔ በቀር ያያቸው አልነበረም።

ስንሳፈር ሞተሩ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይነሳም። አያ ደምሴ ወርዶ ቱቦውን ፈታ፤ ቤንዚኑ ፊን ብሎ ወጣ። ካንዴላ ነቅሎ ከሞተሩ ብረት አስጠጋና፣ «አንቺ፣ እስቲ ቁልፉን አዙሪልኝ» አለኝ። ብልጭታ የለም።

«ቤንዚኑስ ሸጋ ነው። የጠፋው እሳቱ ነው።»

ከኋላ፣ ከጭነቱ ላይ፣ ትኩሳት ያጋለው ልጇን ጎንደር ሐኪም ቤት የምትወስድ ቤተ እስራኤላዊት ሸክላ ሠሪ ተቀምጣ ነበር።

«ምነው አያ ደምሴ፣ ቡዳ ከኋላ ጭነህ ከፊት ብረት ትፈታለህ?» አለ አንድ ተሳፋሪ የእህል ነጋዴ። «ዓይኗ ነው! ትውረድ!»

«እኔ ማኪናችሁን መች አየሁት? ልጄን ነው የማየው» አለች ሴትዮዋ።

ሁሉም ወደ አባቴ ዞሩ። አባቴ መሬት መሬት እያዩ፣ «ለጊዜው ብትወርድስ ምን አለ» አሉ። ወረደች።

አያ ደምሴ ያን ጊዜ እሳቱን ለካንዴላዎቹ የሚያከፋፍለውን ጥቁር ቆብ አነሳ። ውስጡ ውሃ አቁሯል። አባቴ የያዙትን ቅል አየ፣ እኔን አየ፣ በሸሚዙ ጫፍ ወልውሎ መልሶ ገጠመው። ሞተሩ ወዲያው ተነሳ።

«አላልኳችሁም!» አለ ነጋዴው፤ ተሳፋሪዎቹ ሴቶች እልል አሉ። ሸክላ ሠሪዋ መልሳ ልትወጣ እጇን ስትዘረጋ ነጋዴው የኋላውን መዝጊያ ዘጋባት። አያ ደምሴ አፉን ከፈተ፤ አባቴን አየና መልሶ ገጠመው። እኔም አልተናገርኩም። ሴትዮዋ ልጇን በነጠላዋ ሸፍና፣ ያን ጊዜ በጀመረው ዝናብ ላይ ቀረች።

ከዚያ ወዲህ አያ ደምሴ የሞተር ትምህርቴን አልቀጠለም፤ ዓይን ለዓይን መተያየትም ተውን። ኋላም ቤት ለቅቆ አሥመራ ሄደ። ካደግሁ በኋላ ትምህርት ቤት ስገባ፣ መምህሮቼ «ሳትፈትሽ አትቀበልም» ብለው ሲያመሰግኑኝ ፊቴ በሐፍረት ይግል ነበር። ይህን ጠባይ የተወልኝ እሱ ነው። ፈትሾ ማወቅ ብቻውን ምን እንደማይሠራም ያሳየኝ እሱ ነው።

አባቴ ዓይናቸው ከደከመ በኋላ ዳዊት የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድ ቀን ንባቡን አቋርጬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ስለ ጠበሉ ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ፣ የነጠላቸውን ጥለት በጣታቸው እየዳበሱ፣

«ልጁስ ተረፈ?» አሉኝ።

ስሙን እንኳ አልጠየቅንም ነበር።